የቆየ መስጂድ ከመንካታችን በፊት፦ ከካዕባ እስከ ሐረር ጁገል የፈቃድ ታሪክ



በየከተማችን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በተደጋጋሚ የሚሰማ ማስታወቂያ አለ። «መስጂዳችን አርጅቷል፣ ጠቧል፣ ጣሪያው ያፈሳል። አፍርሰን ባለ ፎቅና ባለ ረጅም ሚናራ አድርገን እንሠራዋለንና እጃችሁን ዘርጉ» ይባላል። ጀመዓው ይለግሳል፤ እናቶች የጆሮ ወርቃቸውን ያወልቃሉ፤ ወጣቱ ድንጋይና አሸዋ ለመሸከም ይሰለፋል። ይህ የኢማን ምልክት ነው፣ አላህ ይቀበለን። አንዳንድ ጊዜ ግን ገንዘቡ ተሰብስቦ ሥራው ሊጀመር ሲል ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ ሕንፃው ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ የሚል።

ያኔ ቁጣ ይነሳል። «መስጂዱ የአላህ ነው፣ ገንዘቡ የኛ ነው፣ ታዲያ ፈቃጁ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች እንሰማለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በንዴት ሳይሆን በዕውቀት ሊመለስ ይገባዋል። እኛም ዛሬ መልሱን ከራሳችን ታሪክ ልንፈልግ ወደድን። የአንድን የቆየ ቤት ግድግዳ ለመንካት መፍራት፣ መጠየቅና መመካከር ከቢሮ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በምድር ላይ ከሁሉ በሚከበረው ቤት፣ በካዕባ ላይ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

◆ ቁረይሾች ግድግዳውን ለመንካት ሲፈሩ

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ማለትም ወሕይ ከመውረዱ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ካዕባ ተጎድታ ነበር። ቁረይሾች ሊያድሷት ፈለጉ፤ ግን ማን ይጀምር? ሁሉም ፈራ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን መጀመሪያ ዶማ ያነሳው ወሊድ ኢብኑል ሙጊራ ነበር። ያሰቡት መልካም ብቻ መሆኑን ለአላህ እየተናገረ ጥቂት ካፈረሰ በኋላ ሕዝቡ ያን ሌሊት ጠበቀ። ወሊድ አንዳች ነገር ቢደርስበት ሊተዉት፣ በሰላም ቢያድር ሊቀጥሉ ተስማሙ። ሲነጋ ደህና ሆኖ ስላገኙት ሥራውን ቀጠሉ።

እነዚህ ሰዎች በጊዜው ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ቢሆንም ሁለት ነገር አስተካክለዋል። አንደኛ፣ በሥራው ላይ የአራጣ፣ የዝሙትና የግፍ ገንዘብ እንዳይገባ ተስማሙ። ሁለተኛ፣ ንጹሑ ገንዘብ ሲያልቅባቸው የቆሸሸውን ከመጨመር ይልቅ ሕንፃውን አሳጠሩት። ዛሬ «ሒጅር» ብለን የምናውቀው በግማሽ ክብ ግንብ የታጠረው ቦታ ያኔ ከቤቱ ውጪ ቀረ። በሩንም ከመሬት ከፍ አድርገው አንድ ብቻ አደረጉት።

የዚያን ጊዜው አሠራር ከሀገራችን ጋር የሚያገናኝ ነገርም አለው። የመካ ታሪክ ጸሐፊው አል-አዝረቂ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ መሠራቱን መዝግቧል። የኢስላም ሥነ ሕንፃ ተመራማሪው ክሬስዌል ይህን ገለጻ ሲያጠና በደብረ ዳሞ ከሚታየው የአክሱም ዘመን አሠራር ጋር አመሳስሎታል። ድንጋይና እንጨት ማፈራረቅ በሀገራችን የድሮ ግንበኞች የሚያውቁት ጥበብ ነበር ማለት ነው። የአንድ ግድግዳ አሠራር እንዲህ ያለ ታሪክ ይይዛል፤ ከፈረሰ በኋላ ግን የሚናገረው የለም፤ የሚቀረው እንደ አል-አዝረቂ ያለ ሰው ጽፎት ከተገኘ ብቻ ነው።

◆ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተዉት ሥራ

መካ ከተከፈተች በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካዕባን ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ባቆሙት መሠረት ላይ መልሰው ሊሠሯት ይችሉ ነበር። ሥልጣኑ በእጃቸው ነበር፤ ትክክለኛው መሠረት የት እንደሆነም ያውቃሉ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነገሩን አስረድተዋል። ሕዝቧ ከክህደት የወጣበት ጊዜ ቅርብ ባይሆን ኖሮ ቤቱን አፍርሰው የተተወውን ክፍል ያስገቡ፣ በሩን ወደ መሬት ያወርዱ፣ መግቢያና መውጫ የሚሆኑ ሁለት በሮች ያደርጉለት እንደነበር ነገሯት። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ለሥራው የሚበቃ ገንዘብ አለመኖሩም ተጠቅሷል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ቆም ብለን እናስበው። ለውጡ ትክክል ነበር። ለዋጩም ከፍጥረት ሁሉ የበለጡት ነቢይ ነበሩ። ሆኖም ሰዎች የለመዱት ቤት ሲፈርስ ልባቸው እንዳይናወጥ ብለው ተዉት። ኢማሙ ቡኻሪ ይህን ሐዲስ በዕውቀት ምዕራፍ ውስጥ ያስገቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰዎች ባለመረዳት ወደ ባሰ ነገር እንዳይገቡ ሲባል የተመረጠን ነገር መተው እንደሚቻል ለማሳየት ነው። ስለዚህ «ሐሳባችን ትክክል ነው» ማለት ብቻውን ለማፍረስ በቂ ምክንያት አይሆንም።

◆ ኢብኑ ዙበይርና ኢብኑ ዐባስ

በ64 ዓመተ ሂጅራ (683 እ.ኤ.አ.) የሻም ጦር መካን ከቦ ሳለ ካዕባ ተቃጠለች። በወቅቱ መካን የሚያስተዳድሩት ታላቁ ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ.) ነበሩ። ቤቱን እንደተቃጠለ አቆይተው ሰው ለሐጅ ሲሰበሰብ ጉዳዩን ለምክክር አቀረቡት፤ አፍርሼ ልሥራው ወይስ የደከመውን ብቻ ልጠግን ብለው።

ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የሰጡት ምክር የደከመው ብቻ እንዲጠገን ነበር። ሰዎች የሰለሙበት ቤት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላኩበት ዘመን ድንጋይ እንዳለ ይቆይ አሉ። ኢብኑ ዙበይር ግን የአንዳችሁ ቤት ቢቃጠል ሳያድስ አያርፍም፣ የጌታችሁ ቤት ሲሆንማ እንዴት ይሆናል ብለው መለሱ። ቢሆንም ወዲያው ዶማ አላነሱም። ሦስት ጊዜ ኢስቲኻራ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ወሰኑ።

አፈጻጸማቸውንም እንመልከት። መሠረቱን ቆፍረው ሰው በዓይኑ እንዲያየው አደረጉ፤ ምስክር ያለበት ሥራ ነበር። ግድግዳው እስኪነሳ ድረስ ምሰሶዎች አቁመው መጋረጃ ሰቀሉ፤ ቂብላው አልጠፋም። ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) በሰሙት ሐዲስ መሠረት ከሒጅር አምስት ክንድ ያህል አስገቡ፣ በከፍታው ላይ አሥር ክንድ ጨመሩ፣ ሁለት በር አደረጉ። ይህን ሁሉ ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል።

ሁለቱም ሶሓቦች የዕውቀት ባለቤቶች ናቸው፤ በአንዳቸው ላይ ምላስ ማንሳት የኛ ደረጃ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ዛሬ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚያስተምሩት ደንብ የደከመውን ጠግን፣ ጤነኛውን አትንካ የሚል ነው። ይህ ደንብ ኢብኑ ዐባስ ከ1300 ዓመታት በፊት የሰጡት ምክር ነው።

◆ አንዱ ሲሠራ ሌላው ሲያፈርስ

በ73 ዓመተ ሂጅራ ኢብኑ ዙበይር በሐጃጅ ጦር ተገደሉ። ሐጃጅ ስለ ካዕባ ወደ ኸሊፋው ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ጻፈ። ኸሊፋውም የተጨመረው ከፍታ እንዲቆይ፣ ከሒጅር የገባው ተመልሶ እንዲወጣ፣ የተከፈተው ሁለተኛ በር እንዲዘጋ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ሓሪስ ኢብኑ ዐብዲላህ ሐዲሱን ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) መስማታቸውን ሲነግሩት ዐብዱልመሊክ በያዘው በትር መሬቱን ለጥቂት ጊዜ እየቆረቆረ ቆየና የኢብኑ ዙበይርን ሥራ ባልነካሁት ኖሮ ብሎ ተመኘ። ግን ቤቱ ፈርሶ ተሠርቷል። ሳይጠይቅ ያዘዘ ሰው ዕውነቱን ያወቀው ከሥራው በኋላ ነበር።

ዘመን አልፎ የዐባሲዮች ተራ መጣ። ከኸሊፋዎቹ አንዱ፣ በብዙዎች ዘገባ ሃሩን አር-ረሺድ፣ ካዕባን ኢብኑ ዙበይር እንደሠሯት መልሶ ሊሠራት አሰበና የመዲናውን ኢማም ማሊክ ኢብኑ አነስን ጠየቀ። ሐሳቡ ከሐዲሱ ጋር የሚስማማ ነበር፤ ገንዘብም ሥልጣንም አለው። ኢማሙ ማሊክ ግን ከለከሉት። የአላህ ቤት ነገሥታት እየተፈራረቁ የሚያፈርሱትና የሚሠሩት መጫወቻ እንዳይሆን፣ ክብሩም ከሰዎች ልብ እንዳይወጣ ፈሩ። ኸሊፋውም ተመለሰ። ዛሬ ሒጅር ከቤቱ ውጪ ሆኖ የምናየው፣ ጠዋፍ ስናደርግ በውጪ በኩል የምንዞረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

በታሪካችን ውስጥ አንድ ገዥ የቆየ ሕንፃ ለመለወጥ ፈቃድ ጠይቆ ፈቃድ የተከለከለበት ይህ ትልቁ ምሳሌ ነው። ጠያቂው በጊዜው ከዓለም ኃያላን አንዱ ሲሆን ከልካዩ የመዲና መምህር ነበሩ። ኃያሉም «ማን ነህና ነው የምትከለክለኝ» አላለም።

◆ የነቢዩ ባለቤቶች ክፍሎች

የፈረሰ ነገር እንደማይመለስ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከመዲና እናንሳ። በ88 ዓመተ ሂጅራ (707 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋው ወሊድ ኢብኑ ዐብዲልመሊክ የነቢዩን መስጂድ ለማስፋት ወሰነ። የመዲና አስተዳዳሪ ዑመር ኢብኑ ዐብዲልዐዚዝ ነበሩ። ለማስፋፊያው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤቶች የኖሩባቸው ክፍሎች መፍረስ ነበረባቸው። ክፍሎቹ ከጭቃ ጡብና ከተምር ዝንጣፊ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው በእጅ የሚነካ ዝቅተኛ ቤቶች ነበሩ። ትዕዛዙ በተነበበ ቀን የመዲና ሰዎች አለቀሱ። ታላቁ ታቢዒይ ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ ክፍሎቹ እንዳሉ ቢተዉ ኖሮ ብለው ተመኙ። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት፣ ከሩቅ ሀገር የሚመጡትም፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በምን ያህል ቤት ረክተው እንደኖሩ በዓይናቸው አይተው ዱንያን ማብዛት እንዲተዉ ይረዳቸው እንደነበር ተናገሩ።

መስጂዱ መስፋት ነበረበት፤ ሰው በዝቷል። ይህን ማንም አይክድም። የሰዒድ ቃል ግን የሚያስተምረን ትንሽና ደሃ ቤትም ደርስ እንደሚያስተምር ነው። በሀገራችን በጭቃና በእንጨት የቆሙ፣ ሸይኾቻችን ኪታብ ያስቀሩባቸው የወሎ መስጂዶች፣ በሾንኬ ተራራ ላይ ከድንጋይ የተሠሩት የአርጎባ ቤቶችና መስጂድ፣ ሁሉም ዝም ብለው የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። እምነታችን በዚህች ምድር ላይ ትናንት የመጣ እንዳልሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ ማስረጃዎቻችንም እነሱ ናቸው። ማስረጃውን በገዛ እጃችን አፍርሰን ክርክሩን እንዴት እናሸንፋለን?

◆ ፊቅሁ ምን ይላል?

መስጂድ ወቅፍ ነው። ወቅፍ ደግሞ ካቆመው ሰው እጅ የወጣ፣ የኛም ንብረት ያልሆነ ነገር ነው። እኛ ተጠቃሚዎች ነን፤ የመስጂድ ኮሚቴም በፊቅሁ ቋንቋ «ናዚር» ማለትም ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ «የራሳችን መስጂድ» የምንለው አነጋገር ለፍቅር ያምራል፣ ለማፍረስ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ብዙዎቻችን በመድረሳ የምንማረው የሻፊዒይ መዝሀብ የወቅፍን መልክ መለወጥን በጥብቅ ይመለከተዋል። በ756 ዓመተ ሂጅራ (1355 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ታላቁ ዓሊም ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ በወቅፍ ሕንፃ ላይ ለውጥ የሚፈቀደው በሦስት መስፈርቶች ነው ብለዋል። አንደኛ፣ ለውጡ ትንሽ መሆንና የነገሩን ስም የማይለውጥ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከሕንፃው አካል የሚጠፋ ነገር አይኖርም፤ ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን ሊዛወር ግን ይችላል። ሦስተኛ፣ ለውጡ ለወቅፉ የሚጠቅም መሆን አለበት።

በሌሎች መዝሀቦች፣ በተለይ ከሐንበሊዮች እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉ ዑለማዎች፣ ግልጽ መስለሓ ሲኖር ሰፋ ያለ ፈቃድ ሰጥተዋል። መስጂድ ለሰጋጁ ጠብቦ ወይም ሊወድቅ ደርሶ ከሆነ በፊቅሁ በሩ ዝግ አይደለም። ግን በየትኛውም መዝሀብ ቢሆን መስለሓው መረጋገጥ አለበት። የሚያረጋግጠውም ስሜት ሳይሆን ዓሊምና ባለሙያ ነው። የግድግዳን ጤንነት የሚያውቅ መሐንዲስ ሳይጠየቅ «ሊወድቅ ነው» ማለት ያለ ዕውቀት መመስከር ነው።

እነዚህን መስፈርቶች ሥራ ላይ ያዋለ ታሪክም አለ። በ1039 ዓመተ ሂጅራ (1630 እ.ኤ.አ.) መካን ከባድ ጎርፍ መታት፤ የካዕባ ግድግዳዎች ተደረመሱ። የወቅቱ የዑስማኒያ ሱልጣን ሙራድ አራተኛው ነበሩ። የመካ ዑለማዎች ስለ እድሳቱ ፈትዋ ተጠየቁ፤ ቆመው የቀሩት ግድግዳዎች ይቆዩ ወይስ ይነሱ በሚለው ላይም ተከራከሩ። ባለሙያዎች መረመሩ፤ ከግብፅ ሪድዋን አጋ የተባለ ኃላፊ ተላከ፤ ሥራው በ1040 ተጠናቀቀ። ሱልጣኑ ሰፊ ግዛት እያላቸው ቤቱን አላሰፉም፣ አላስረዘሙም፤ በነበረበት መልክ ተመለሰ። ዛሬ ፊታችንን የምናዞርባት ካዕባ በዋናነት የዚያ እድሳት ውጤት ናት። በኋላ ጥገና ተደርጎላታል፤ መልኳ ግን ያው ነው።

◆ ወደ ሀገራችን ስንመለስ

ከዚህ በኋላ የኛን ሕግ እንየው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥበቃና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ባለሥልጣን ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። ክልሎችም የራሳቸው የባህልና የቅርስ መሥሪያ ቤቶች አሏቸው። አዋጁ ለመስጂድ ብቻ የወጣ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ የድሮው መኖሪያ ቤትም በአንድ ሕግ ሥር ናቸው። ቅርስን ሆን ብሎ ያፈረሰ ሰው ከባድ የእስራት ቅጣት ይጠብቀዋል።

ብዙ ወጣት የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው በከፊል ሊረዳ እንደሚችል አዋጁ ይናገራል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ የእገዛ በርም ሊሆን ይችላል። ሳይጠይቅ ያፈረሰ ግን ይህን በር በራሱ ላይ ዘግቷል።

ምሳሌ የምትሆነን ሐረር ናት። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ ከአሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ነው። ዩኔስኮ በመዘገበው መሠረት በጁገል ውስጥ 82 መስጂዶች ሲኖሩ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ 102 የአውልያ ቦታዎችም አሉ። ስለ ዚያራ በዑለማዎቻችን መካከል ያለው ውይይት ቦታው መድረሳ ነው፤ በዶማ የሚፈታ አይደለም። ያቺን ከተማ በዓለም ፊት ያስከበሯት በጠባብ መንገዶቿ መካከል የቆሙት ትናንሽ መስጂዶቿ፣ በኖራ የነጡ ግድግዳዎቿና ቤቶቿ አንድ ላይ ሆነው ነው። ከመካከላቸው ጥቂቱ በመስታወትና በአሉሚኒየም ቢተካ ጉዳቱ የዚያ አንድ ቤት ብቻ አይሆንም፤ የሰፈሩ መልክ ይለወጣል።

ሌላው ነጋሽ ነው። ሶሓቦች የተቀበሉበት ምድር ላይ የቆመው የአል-ነጃሺ መስጂድ በቱርክ የልማት ድርጅት ቲካ ድጋፍ ከታደሰ ጥቂት ዓመታት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጉዳት ደረሰበት። የሁላችንም ልብ ደምቷል። ከዚህ የምንማረው አንድ ተግባራዊ ነገር ልኩ፣ ሥዕሉና ፎቶው ያልተመዘገበ ሕንፃ አንድ ቀን ቢጎዳ ወደ ነበረበት ለመመለስ የሚያስቸግር መሆኑን ነው። በፈቃድ መንገድ የሚሄድ ጥገና ይህን መዝገብ ትቶልን ያልፋል።

የቁሳቁሱም ነገር አለ። «ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ጭቃ ደካማ ነው» ብለን የድሮውን ግድግዳ በሲሚንቶ እንለስናለን። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ግን እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣልም። ላዩ በሲሚንቶ ሲታሸግ ውስጥ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከውጪ አዲስ የመሰለው ግድግዳ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ይሰነጠቃል። አባቶቻችን ኖራ የቀቡት ድህነት ይዟቸው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውን ስለሚያውቁት ነው። ባለሙያ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት «በምን ልትለስኑት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ለክርክር አይደለም።

◆ ኮሚቴውና ወጣቱ ምን ያድርጉ?

ከላይ ካየነው ታሪክ የምናወጣቸው ተግባራት እነዚህ ናቸው፦

1. ገንዘብ ከመሰብሰብ በፊት እንጠይቅ። ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ የሚለውን የወረዳው ወይም የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነግረናል። ያልተመዘገበ ግን የቆየ ከሆነም እንዲጠናና እንዲመዘገብ እናመልክት።

2. ሹራ እናድርግ። የመስጂዱ ኢማም፣ የአካባቢው ዑለማ፣ ሽማግሌዎች፣ መጅሊሱና ባለሙያ አንድ ላይ ይቀመጡ። የተስማሙበት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

3. እንመዝግብ። ወጣቶች፣ ይህ የናንተ ሥራ ነው። ስልካችሁ ካሜራ አለው፤ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ በር፣ ምሰሶ፣ ሚሕራብና ጽሑፍ አንሱ። ሜትር ይዛችሁ ለኩ። ሽማግሌዎችን ማን ሠራው፣ በማን ዘመን ታደሰ፣ እንጨቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። ኢብኑ ዙበይር መሠረቱን ለሕዝብ እንዳሳዩት ሁሉ፣ እኛም ምስክር እንተው።

4. ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። የትኛው ክፍል ተጎድቷል? በምን ይጠገናል? ምን ሳይነካ ይቆያል? «እድሳት ይፈቀድልን» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ለባለሙያው ምንም አይነግረውም። ሥዕል፣ ፎቶና የሥራ ዝርዝር ያለው ማመልከቻ ግን በፍጥነት ሊታይ ይችላል።

5. ሁለት ፈቃድ እንዳለ አንርሳ። የቅርስ ፈቃድ አንድ ነገር ነው፤ በከተማ ውስጥ የግንባታ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

6. መስፋት ካለበት በጎኑ እናስብ። ቦታ ካለ አዲሱን መስጂድ ከአሮጌው አጠገብ ሠርቶ አሮጌውን ለመድረሳ፣ ለቁርኣን ሒፍዝ ወይም ለእናቶች መስገጃ ማድረግ ይቻላል። ይህም ቢሆን በፈቃድ ነው፤ በቅርስ ክልል ውስጥ አጠገቡ መቆፈርም ሊከለከል ይችላልና።

7. ለጋሽ ሲመጣ እንናገር። ከውጪ የሚመጣ ወንድም በሀገሩ ያየውን ንድፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ኒያው መልካም ነው። «ይህ ቤት የሚጠገነው በዚህ መልኩ ነው» ብሎ መንገር ግን የኛ አማና ነው።

እርግጥ ነው፣ የፈቃድ መንገድ አንዳንዴ ይረዝማል። ፋይል ይጠፋል፣ ባለሙያ ይዘገያል፣ በመካከሉ ክረምቱ ይገባል። ጀመዓው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር መስገዱ ቀላል አይደለም። ይህን የሚያስፈጽሙ ወገኖችም አላህን ሊፈሩ ይገባል፤ የሕዝብን ቤት ፋይል ማዘግየትም ግፍ ነው። ስለዚህ መብታችንን በጽሑፍ እንጠይቅ፣ መልሱን በጽሑፍ እንቀበል፣ የተከለከልን እንደሆነ ምክንያቱን እንጠይቅ፣ ወደ በላይ አካልም እናመልክት። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ውኃውን የሚያግድ ጊዜያዊ ሽፋን እንዲፈቀድልን በተለይ እንጠይቅ። መብትን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በሌሊት ዶማ ማንሳት ግን የሙስሊም አደብ አይደለም።

ሃሩን አር-ረሺድ ዓለም በእጁ እያለ ለአንድ ዓሊም ቃል ተመለሰ። እኛ ደግሞ ከአያቶቻችን የተረከብነውን ለልጆቻችን የምናስረክብ ጠባቂዎች ነን። የሰገዱበት ወለል፣ የተደገፉበት ምሰሶ በኛ ዘመን ከጠፋ ለሚመጣው ትውልድ የምናሳየው ፎቶ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ካነሳነው ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) መስጂዶቻችንን ይጠብቅልን፣ የሠሯቸውን ሷሊሖች ይማርልን፣ እኛንም አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

በሰፈራችሁ የቆየ መስጂድ ካለ ታሪኩን ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉልን፤ ይህንንም ጽሑፍ ለመስጂድ ኮሚቴዎቻችሁ አድርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።